በየወደቡ የተጠየቀው ሙሽራ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የልጅ ልጄ ሜሮን መኪናዋን በሞርስ ሮድ በኩል ነድታ እዚሁ ኮሎምበስ ያለው ሁቨር ግድብ ወሰደችኝ። ኮሮናው ከገባ ወዲህ ሰው ቤት ገብቶ መጫወት ስለቀረ፣ ውሃ ዳር ወንበር ዘርግቶ መቀመጥ ለምዶብናል። ግድቡ ላይ ነጭ ሸራ የወጠሩ ትንንሽ ጀልባዎች ይንሸራሸራሉ። የትም አይደርሱም፤ ትንሽ ሄደው፣ ዞረው፣ እዚያው የተነሡበት ይመለሳሉ። «እኔ በልጅነቴ በሸራ ጀልባ ከምጽዋ አሰብ ድረስ ወርጃለሁ» አልኳት። «ኖ ዌይ፣ አባባ! ፎር ፈን?» አለችኝ። ለመዝናናትስ አልነበረም፤ እህቴን ልንድር ነበር። ልነግራት ስጀምር ስልኳ ጠራና ወሬው እዚያው ቀረ። ዘመኑን የምታውቁት እናንተ ናችሁና ለእናንተ ልጨርሰው።

ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ክረምት ነው። ደጋው ዝናብ በዝናብ ሲሆን ምጽዋ እሳት ነው። ትልልቆቹ ጥላ ለጥላ ሲዞሩ እኛ ልጆቹ ከባሕር አንወጣም። ወጥተን ስንደርቅ ጨው ክንዳችን ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ በምላሳችን እየቀመስን «የኔ ይበልጣል፣ የኔ ይበልጣል» እንባባል ነበር። አባታችን የሞተው ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። እናታችን ናት እኔንና እህቴን ያሳደገችን። እህቴ ጽጌ በብዙ ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ ጽጌ ነው የምላት። ስጣላ የምትገላግለኝ፣ ስዋሽ ደግሞ ገና አፌን ሳልከፍት የምታውቅብኝ እሷ ነበረች።

በዚያ ዓመት ከአሰብ ሽማግሌዎች መጥተው ታደለ ለሚባል የወደብ ሠራተኛ ጠየቋት። ወደቡ ላይ የእህል ጆንያ የሚመዝን ሰው ነው፣ ትዳር አይቶ አያውቅም አሉ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደምሴ በአባታችን ቦታ ሆኖ ሊነጋገር ከደጋ ወረደ። ጋሼ ደምሴ ደግሞ «ዘር ከልጓም ይስባል» ማለት የሚያበዛ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹን ከጠዋት አስቀምጦ የሰውየውን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ሰባት ቤት አስቆጠራቸው። እንከን ቢፈልግ አጣ። በቃ፣ ልጅቱ ተሰጠች። ሰባት ቤት ወደ ኋላ ሲቆጠር ታዲያ አንድ ቤት ወደ ፊት የጠየቀ አልነበረም።

ሠርጉ ከመስቀል በኋላ ነው የተባለው። ነገር ግን ጀልባን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚነዳው ነፋስ የሚነፍሰው በክረምት ስለሆነ ቀደም ብሎ መሄድ ግድ ሆነ። እስከ ሠርጉ ድረስ የታደለ አክስት ቤት ትቆያለች። ሙሽራ ያለ ሥጋ ዘመድ አትላክም ተብሎ እኔም ተጨመርኩ። ስንቅ በምናስርበት ቀን እናቴ እትዬ ጽጌን ጓዳ አስገብታ፣ «ልብሽ እምቢ ካለ ባገኘሽው ጀልባ ተመለሺ። ደምሴን ለኔ ተዪው» ስትላት ሰማሁ። ዳቦ ቆሎ ልሰርቅ በሩ ሥር ቆሜ ነበር።

የተሳፈርንባት ሳምቡክ የሚሏት ዓይነት ናት፤ ረጅም የእንጨት ጀልባ፣ አንድ ትልቅ ሰያፍ ሸራ ያላት። እንጨቱ እንዳይበሰብስ በዓሣ ዘይት ስለሚቀባ ሽታው ልብስ ውስጥ ይገባል፤ አሰብ ከገባን በኋላም ብዙ ጊዜ አልለቀቀኝም። የጫነችው ሽንኩርት፣ ማሽላና ላምባ ነው። በየወደቡ ያንን ታራግፍና ደረቅ ዓሣና ቆዳ ትጭናለች፤ ስለዚህ መቸኮል የሚባል አታውቅም። አዛዧን ናኩዳ ይሉታል፤ ሳልም የሚባል፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ ነበር።

ጋሼ ደምሴ ጥቁር ጃንጥላውን ዘርግቶ የሽንኩርት ጆንያ ላይ እንደ በቅሎ ተፈናጠጠ። እትዬ ጽጌን ደግሞ ሙሽራ አትታይም ብሎ በዚያ ሙቀት በነጠላ አከናነባት። ማዕበል በመጣ ቁጥር ጆንያውን በጉልበቱ ጥብቅ ያደርጋል። «ሰውዬው ባሕሩን እየጋለበው ነው» ይላል ናኩዳው በዓረብኛ፤ መርከበኞቹ ይስቃሉ። «ምን አለ?» ይለኛል ጋሼ። «ነፋሱ ጥሩ ነው አለ» እለዋለሁ። እኔና እትዬ ጽጌ የምጽዋ ልጆች ነንና ዓረብኛ አፋችንን የፈታንበት ያህል ነው። ጋሼ አንዲት ቃል አያውቅም። ይህቺ ነገር በኋላ ብዙ ጠቅማናለች።

መጀመሪያ የቆምነው ጢዮ ነው። ወደብ ስላችሁ ክሬን እንዳታስቡ፤ አሸዋ፣ ጥቂት ቤት፣ አንድ የውሃ ጉድጓድ፣ አንድ ሱቅ። ጋሼ ደምሴ መሬት ረግጦም መሬቱ ይወዛወዝበት ስለነበር ጥላ ፈልጎ ጋደም አለ። እትዬ ጽጌ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ የመናዊው ባለሱቅ ጋ ሄደች። ክብሪት ገዛች፣ ስለ ሙቀቱ አወራች፣ ከዚያ እንደ ዋዛ «አሰብ ወደብ ላይ ታደለ የሚባል ሚዛን ሠራተኛ ታውቃለህ?» አለችው። «ረጅሙ? አውቀዋለሁ እንጂ! ክብደት ሊሰርቅ ሚዛን ላይ እግሩን የማያሳርፍ እሱ ብቻ ነው» አላት። ወደ ጀልባው ስንመለስ ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ጋሼ የጠየቀው ስለ ሞቱት ነው፣ እሷ የምትጠይቀው ስላለው ነው።

ከዚያ ኢዲ ደረስን። ኢዲ ከጢዮ ሞቅ ያለች ናት፤ አሸዋው ላይ ዓሣ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ሽታው ገና ከባሕሩ ይቀበላችኋል። አንዲት አሮጊት ከዘንባባ ምንጣፍ ትሠራለች። ልጇ አሰብ ነው ያገባችው ሲሉን እትዬ ጽጌ አጠገቧ ቁጭ አለችና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት። «ታደለ? ያ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደብ የሚወርደው?» አለች ሴትዮዋ።

«የምን ልጅ?» አለች እትዬ ጽጌ።

የሴትዮዋ እጅ ምንጣፉ ላይ ቆመ። ያላሰበችው ነገር ከአፏ እንደወጣ ገባት፤ ግን የወጣ ቃል አይመለስ። ሚስቱ በወሊድ እንደሞተች፣ ሴት ልጅ ትታበት እንደሄደች፣ ልጅቷም አሁን ሮጣ የምትጫወት እንደሆነች ቀስ ብላ ነገረችን። እትዬ ጽጌ አመስግና ተነሣች። ወደ ጀልባው አቀናች። እኔ ነኝ በመንገድ ላይ «ለጋሼ ልንገረው?» ያልኳት። «ወየውልህ! ጋሼ ከሰማ የሚወስነው እሱ ነው» አለችኝ።

እዚያ ወደብ ውስጥ ነፋሱን ተቋቁማ ወደ ምጽዋ የምትወጣ ባለ ሞተር ጀልባ ቆማ ነበር። ናኩዳ ሳልም ወሬው ደርሶታል፤ በዚያ ባሕር ዳር የማይደርስ ወሬ የለም። እትዬ ጽጌ አጠገብ መጥቶ ገመድ የሚቋጥር መስሎ፣ «ልጄ፣ የዚያች ጀልባ ባለቤት የእህቴ ልጅ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ይነሣል። ከሷ በኋላ ነፋሱ እስኪዞር ድረስ ወደ ሰሜን የሚሄድ አታገኚም። ለአጎትሽ ታማለች ብሎ የሚነግረው ሰው አላጣም» አላት በዓረብኛ። «አስብበታለሁ፣ አባቴ» አለችው።

በማለዳ የሞተር ድምፅ ቀሰቀሰኝና ዘልዬ ተነሣሁ። እትዬ ጽጌ ምሰሶው ሥር ተቀምጣ ጀልባዋ ስትርቅ ታያለች። ደስ አለኝ፣ ፈራሁም። «ለምን ቀረሽ?» አልኳት። «የዋሸኝ እሱ ይሁን ሽማግሌዎቹ ገና አላወቅኩም። ሳላውቅ እንዴት እመለሳለሁ?» አለችኝ።

ቀጥሎ በራሶሌ የምትባል ትንሽ ወደብ ቆምን፤ እዚያ ታደለን የሚያውቅ ሰው አጣን። ስለ ዓሣ ብቻ ነው የሚያወሩት። ነፋሱም እዚያ ወድቆብን ሸራው እንደ ታጠበ ልብስ ተንጠልጥሎ ዋለ። እትዬ ጽጌ እህል አልቀምስ አለች። ጋሼ ደምሴ ባሕሩ ያመማት መስሎት በጃንጥላው አስጠለላት፣ ሎሚ እየቆረጠ «ምጠጪ፣ ልጄ፣ ምጠጪ» ይላታል። ጥሩ ሰው ነበር እኮ። ቁጣው ነው እንጂ የሚታየው፣ ልቡ ለስላሳ ነው።

ከአሰብ በፊት የመጨረሻዋ በይሉል ናት። ዘንባባ አላት፣ ጣፋጭ ውሃ አላት፤ ያን ሁሉ አሸዋ ካዩ በኋላ ዓይን ይጠግባል። ከጀልባው ስንወርድ አንድ ረጅም ሰው ውሃው ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ትከሻው ላይ ትንሽ ልጅ ተቀምጣለች። በጨው መኪና ተሳፍሮ ከአሰብ መምጣቱ ነው። ልጅቷን አወረደና የጋሼ ደምሴን ጉልበት ስሞ፣ «ታደለ ነኝ» አለ።

ጋሼ ስሙን ሲሰማ ደነገጠ። «ሙሽራ ከሠርጉ በፊት ሙሽሪት ፊት ይቆማል? ምን ዓይነት ነውር ነው!»

«ነውር ነው፣ ጋሼ። ግን ሽማግሌዎቹ ልጅ እንዳለኝ እንዳልነገሯችሁ የሰማሁት ከተመለሱ በኋላ ነው። እኔ ንገሩ ብዬ ነበር የላክኋቸው። አሰብ ገብታችሁ፣ ሰው ተሰብስቦ እልል ካለ በኋላ እምቢ ማለት ይከብዳችኋል ብዬ እዚህ ጠበቅኋችሁ። ይቺ ወለላ ናት። የማትፈልጉ ከሆነ መመለሻውን እኔ ራሴ አፈላልጋለሁ።»

«ሰባት ቤት አስቆጥሬህ ስምንተኛውን ትከሻህ ላይ ጭነህ ትመጣለህ?» ብሎ ጋሼ ጮኸ። ጃንጥላውን አጥፎ እንደ ዱላ ያዘ። «ተነሺ ጽጌ! እንመለሳለን!» «በየትኛው ነፋስ?» አለ ናኩዳው፤ በዚህ ጊዜ አማርኛ እንደሚችል አወቅን። ለካ ሁሉንም ሲሰማ ነው የከረመው።

እትዬ ጽጌ ነጠላዋን ከፊቷ አነሣች። ሰውየውን ሳይሆን ልጅቷን ነው ያየችው። ፀጉሯ ተሠርቷል ይባል እንደሆነ እንጃ፤ አንዱ ጉንጉን ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ መሐሉ ተጣሞ ጆሮዋ ላይ የወደቀ። «ፀጉሯን ማን ነው የሠራላት?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ታደለ።

«ያስታውቃል» አለችው።

ከዚያ ዘንባባ ሥር ተቀመጠች፣ ከጓዟ ሚዶ አወጣች፣ ልጅቷን በጉልበቶቿ መሐል አስቀምጣ ያንን ጉንጉን መፍታት ጀመረች። ወለላ መጀመሪያ ተነጫነጨች፣ በኋላ ዝም አለች። ናኩዳው ከጀልባው ሆኖ «ነፋሱ እያለፈን ነው!» ይላል። «ይለፍ፤ ሌላ ይመጣል» ትለዋለች ቀና ሳትል። ጋሼ ደምሴ ወዲህ ወዲያ ተንጎራደደ። «ይህን ሁሉ ባሕር ያቋረጥነው ፀጉር ልንሠራ ነው? ምን ወሰንሽ? ለእናትሽ ምን ልበላት?» ቢላት፣ «አላለቀም፣ ጋሼ» ነው መልሷ። ታደለ እዚያው እንደቆመ ነበር፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። ሹሩባው ሲያልቅ ፀሐይ አዘንብላለች። ወለላ ጭንቅላቷን በእጇ ዳሰሰችና ተነሥታ የእትዬ ጽጌን ነጠላ ጫፍ ይዛ ቆመች። ያን ይዛ ነው ጀልባ ላይ የወጣችው። ጋሼ ደምሴ ሁሉንም አየና ጃንጥላውን መልሶ ዘረጋ። ከዚያ ወዲያ ውሳኔ የጠየቃት ሰው የለም።

ከመስቀል በኋላ ተጋቡ። ወንዶች ልጆች ወለዱ። ይጣሉም ነበር፣ ይታረቁም ነበር፤ እንደ ማንኛውም ሰው ኖሩ። በኋላ አሰብን ለቀው አዲስ አበባ ገቡ፤ ታደለም እዚያው ቀድሟት አረፈ።

ሜሮን አሁን አንድ ልጅ ተዋውቃለች። ገና ሳታገኘው ከስልኳ ላይ ቼክ አድርጋ የተማረበትን፣ የሚሠራበትን፣ ውሻውን ሳይቀር አሳየችኝ። ጥሩ ነው፣ አልነቅፍም። እኛማ በአንዱ ወደብ የሰማነውን ይዘን ሌላው እስክንደርስ ባሕሩ ላይ ማሰቢያ ነበረን። ያም ሆኖ፣ ጠይቆ ማግባት የአሁን ልጆች የጀመሩት ሲመስላቸው ፈገግ እላለሁ።

እትዬ ጽጌ ኮሮናው በገባበት ዓመት አዲስ አበባ ላይ አረፈች። አውሮፕላን የለም፣ ቀብሯን በስልክ ነው ያየነው። ወለላ እዚሁ ኮሎምበስ ናት፤ በጅቡቲ በኩል በስደት መጥታ፣ ዌርሃውስ ሠርታ፣ ቤት ገዝታ ጡረታ ወጥታለች። ለቅሶውን እሷ ደጅ ተቀመጥን። ድሮ ቢሆን ለቀስተኛ ቤት ሞልቶ፣ ምሳ ይዞ፣ ሲያጫውት ይውላል። ያን ጊዜ ግን ሰው በመኪናው ተሰልፎ እየመጣ፣ መስኮት ዝቅ አድርጎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ያልፋል። አንዲት በዲቪ የመጣች ልጅ ወለላን «እትዬ ወለላ፣ ምንዎት ነበሩ?» አለቻት። «እናቴ ናት» አለች ወለላ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ «እርስዎስ አባባ?» አለችኝ።

«ወንድሟ ነኝ። በልጅነቴ በጀልባ ለባሏ ያደረስኳት እኔ ነኝ» አልኳት።

ወለላ ማስኳን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ለባሏ አይደለም፣ ጋሼ። ለእኔ ነው ያደረስካት» አለች።

ልጅቷ መስኮቷን ዘግታ ሄደች። የሚቀጥለው መኪና ቀረበ።