እስካይ የጠበቁኝ አጎቴ

አጎቴ ነጌሌ ውስጥ ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። ስለ ሰማይ ሲያስተምሩ የክፍሉን መስኮቶች በወታደር ብርድ ልብስ ይሸፍኑና በወስፌ የበሳሱትን ካርቶን ከበራ ባትሪ ፊት ያቆማሉ። ቀዳዳዎቹ ከዋክብት ናቸው። የክፍሉ አምፖል ሲበራ ትልልቆቹ ብቻ ይታያሉ። ቢጠፋም እንኳ ከሁሉም ትንሿን ኮከብ ለማየት ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ መታገስ ያስፈልጋል።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ሁሉም «አየን» አሉ። እኔም አጎቴ ደስ እንዲላቸው ብዬ «አየሁ ጋሼ» አልኩ።

«የት ጋ ነች?»

ባዶውን የካርቶን ጥግ ጠቆምኩ።

«ጋሼ፣ እሷ ሞያሌን ነው ያየችው!» አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ዝም በሉ!» አሉ አጎቴ። «የኔ ልጅ፣ ያላየሽውን አየሁ አትበይ። እንጠብቅሻለን።»

ደወሉ ተደወለ፤ ማንንም አላስወጡም። እስካይ ጠበቁኝ።

ከዩኒቨርሲቲ ለቀብራቸው ስመጣ እንባ እምቢ አለኝ። ድንኳኑ ውስጥ አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሰው ምን ይላል? ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ጣል አድርጊና ያለቀስሽ አስመስይ» አሉኝ።

«አልችልም እትዬ» አልኳቸው።

ይኸው አርባቸው ደረሰ። ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎኝ ይሄዳል። እኔ ግን ገና አላለቀስኩም፤ እስካለቅስ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝም የለም።