የአደፍርስ የሳር ድርሻ

አያ ሀብተ ሥላሴ ሲበዛ ደግ ሰው ነው። ድንበር አይገፋም፣ ጾም አይገድፍም፣ ለማኝ ከደጁ ባዶ እጁን አይመለስም። አንድ ነውር ብቻ አለበት፤ ፈረስ አለው። ቢቸና አካባቢ ፈረስ መኖሩ ነውር ሆኖ አይደለም። የአያ ሀብተ ሥላሴ ፈረስ ግን ጭነት አይጭን፣ ገበያ አያደርስ፣ ሙሽራ አያመጣ። ዓመቱን ሙሉ ይበላል፤ በጥር ጊዮርጊስ ግማሽ ቀን ጉግስ ይጫወታል፤ ከዚያ ወደ መብላቱ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሹመት እንኳን ለፈረስ ለሰውም አልተገኘ።

የፈረሱ ስም አደፍርስ ነው። አገሩም ባለቤቱን «አባ አደፍርስ» ይለዋል። በፈረስ ስም መጠራት ያኮራል፤ ችግሩ ፈረሱ ያጠፋ ዕለት ነው። «አባ አደፍርስ ገብሴን ጨረሰው» የሚል ጩኸት የሰማ እንግዳ፣ ሰውየው ራሱ በአራት እግሩ ማሳ የገባ ይመስለዋል።

ሚስቱ ፋንታነሽ ከፈረሱ ጋር ዓይንና ናጫ ናቸው። ለሁለት በሬ የሚበቃ ገለባ እሱ ብቻውን ይፈጀዋል፤ ሽምብራውም ተቆልቶ ለእንግዳ ሳይቀርብ በእሱ ከርስ ይገባል። ባሏ ጋማውን ሲያበጥር ባየች ቁጥር «እኔን አንድ ቀን እንዲህ አበጥረኸኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች። አያ ሀብተ ሥላሴ ማበጠሩን ይቀጥላል። እውነቷን ነው።

ጣጣው የመጣው በሳር ነው። ከመንደሩ በላይ ያለው ተዳፋት ድሮ ማንም ከብቱን የሚያሰማራበት ነበር። ከብቱ ሲግጠው፣ ፈረሱ ሲነጨው፣ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ወስዶ ቦረቦር አደረገው። ኋላ የመንደሩ ሰው መክሮ አጠረው፤ እርከን ሠራበት፤ እንስሳ እንዳይገባበትም ተማማለ። ሳሩ ተመለሰ፤ ደርቃ የነበረችው ምንጭም ፈለቀች። ከዚያ ወዲህ የጥብቁ ሳር በየጥቅምቱ ይታጨድና በዕጣ ይከፋፈላል። ድርሻ ያለው ግን የሚያርስና የሚታለብ እንስሳ ብቻ ነው። ለፈረስ የለም። የደንቡ ጠባቂ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ፣ ሰው ሲያጠፋ በምላሳቸው የሚያጭዱ ሽማግሌ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቶሎ ወጣና ገለባ ጠፋ። ያለ ጥብቁ ሳር አደፍርስ ለጥር ጊዮርጊስ አይደርስም። መድረስ ደግሞ አለበት! ውበቴ የሚባለው የሞጣ ጋላቢ በጉንደ ወይን በኩል አድርጎ ሊመጣ ነው። ባለፈው ጥር ይኸው ውበቴ አያ ሀብተ ሥላሴን አባሮ ደረሰበትና፣ በዘንግ መምታቱን ትቶ፣ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ ላጥ አድርጎ ሄደ። ሴቱ ሁሉ እልል አለ። ቢመታው ይሻለው ነበር።

የክፍፍሉ ዕለት አያ ሀብተ ሥላሴ አደፍርስን ኮርቻና ቀይ ግላስ አልብሶ እየሳበ መጣ። ሳሩ ተከምሯል፤ ዕጣውም ወጥቶ በየክምሩ ላይ የባለቤቱ ምልክት ተቀምጧል፤ በአንዱ ጠጠር፣ በአንዱ የወይራ ቅጠል፣ በአንዱ የበግ በጠጥ። አያ ሀብተ ሥላሴ ከሰው መሀል ብድግ አለ።

«ለአደፍርስም ድርሻ ይገባዋል» አለ።

«ያርሳል?» አሉ መሪጌታ።

«ጉግስ ይጫወታል። የአገር ክብር ነው። ደሞ እኔ አላስገድደውም፤ ወዶ ነው። እልልታ ሲሰማ መሬቱን በኮቴው ሲጭር አላዩትም?»

«ስማ ሀብተ ሥላሴ፤ ዛሬ ለአንተ ብንሰጥ ነገ ሁሉም ፈረስ ይገዛል። ሳሩ አይበቃም፤ ከብቱ ተመልሶ ተዳፋቱን ይወጣል። አፈሩ ይሄዳል፣ ምንጯም ትሄዳለች። ያን ጊዜ ክብራችንን ምን ልናጠጣው ነው?»

ሰው አውካካ። አያ ሀብተ ሥላሴ ደግሞ ሁሉን ይችላል፣ ሳቅ አይችልም።

«ያርሳል!» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቢመልሰው አይመለስም።

«እንግዲያው ካረሰ ሙሉ ድርሻ ይወስዳል» አሉ መሪጌታ፤ ጢማቸውን እያሻሹ። «ካላረሰ ሁለተኛ እንዳትጠይቀን።»

የአያ ሀብተ ሥላሴ በሬ በአጠገቡ ካለው ማሳ ተጠምዶ ስለነበር አብሮት የተጠመደውን በሬ ፈትተው ፈረሱን በቦታው አስገቡ። ኮርቻውን አያ ሀብተ ሥላሴ ራሱ አወረደ፤ ግላሱን ግን «ይበርደዋል» ብሎ ተወው። በዚያ ፀሐይ! በሬው አጭር፣ ፈረሱ ረጅም ነውና ቀንበሩ እንደ ሰካራም ተንጋደደ። ፋንታነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «ኧረ አንተ ሰውዬ ተው!» አለች። አያ ሀብተ ሥላሴ እርፉን ጨብጦ ጅራፉን አጮኸ።

እዚህ ላይ የፈረሱም ጥፋት የለበትም። ከኋላው ጩኸት ሲሰማ የሚያባርረው ሰው መጣ ማለት መሆኑን ያስተማረው ጌታው ነው። ሲያባርሩት ምን እንደሚያደርግም ያስተማረው ጌታው ነው። አደፍርስ ፈረጠጠ። በዘመኑ ሮጦ የማያውቀው በሬ የግዱን እየተንገላታ አብሮ ጋለበ። ማረሻው አንዴ አፈር፣ አንዴ አየር ይቆርሳል። አያ ሀብተ ሥላሴ እርፉን መልቀቅ ሽንፈት መስሎት እንደተንጠለጠለ ማሳውን ጨርሰው በቀጥታ ወደ ሳሩ ክምር ገቡ። ጠጠሩም፣ የወይራው ቅጠልም፣ የበጉ በጠጥም የት እንደገባ የሚያውቅ አልተገኘም። የቀንበሩ ማነቆ ተሰበረ። አደፍርስ ተላቀቀና፣ ቆመና፣ ከማን እንደሆነ የማይታወቅ ድርሻ መብላት ጀመረ።

«አሁን ድርሻውን ወሰደ!» ብሎ አንዱ ሳቀ። ሌላው ግን አልሳቀም። ግላሱ መንገድ ላይ ወድቆ ነበርና የፈረሱ ጀርባ ተራቁቶ ይታያል። ገጣባ ነው። ባርኔጣው ከተነጠቀ ወዲህ በየማታው ለልምምድ የሚጫንበት ኮርቻ የላጠው ቁስል ቀልቶ ዝንብ ወሮታል።

አያ ሀብተ ሥላሴ ቁስሉን ያውቀው ነበር። ቅቤ ይቀባዋል፣ ግላስ ያለብሰዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። አሁን ግን ሰው ሁሉ እያየው ነው፤ እሱም በሰው ዓይን አየው። አፈረ። ባርኔጣውን ሲነጠቅ ያፈረው ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም።

«ይኼን ነው ወዶ የሚያደርገው?» አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ፈረሱን ስትረግም የኖረችው ፋንታነሽ እየሮጠች መጥታ ዝንቡን በነጠላዋ ጫፍ አባረረች። «ከላሜ ድርሻ ይብላ» አለች። «ግን ቁስሉ ሳይሽር ኮርቻ ጀርባው ላይ ያየሁ እንደሆን፣ ወላዲተ አምላክን፣ አንተን ነው የምጭንህ!»

ሰውየው እንደምታደርገው ያውቃል። ሳሩም እንደ አዲስ ሲከፋፈል ዋለ፤ ዕጣውን የበተነው ሰው አንዴም ቀና ሳይል አብሮ ሲሸከም ዋለ።

ጥር ሲገባ ቁስሉ ሽሮ ነጭ ጠጉር አበቀለ። አያ ሀብተ ሥላሴ ኮርቻውን ብዙ ጊዜ አነሣ፣ መልሶም ሰቀለው። በጊዮርጊስ ዕለት አደፍርስን በገመድ ብቻ እየሳበ ከጉግሱ ሜዳ ዳር ቆመ። አቧራው ይጤሳል፤ ከበሮው፣ ፉከራው፣ እልልታው አንድ ላይ ነው። ውበቴ ከፈረሱ ሳይወርድ መጣ።

«አባ አደፍርስ! ኮርቻው የት ሄደ?»

«ዛሬ ራሱ ይምረጥ። ገብቶ ከሮጠ እጭነዋለሁ» አለና ገመዱን ከአንገቱ ፈታ።

አደፍርስ ጆሮውን አቆመ። የሚሮጡትን ፈረሶች አያቸው፤ አንዱ አፉ በልጓም ደምቶ ከአጠገቡ አለፈ። ፈረሱ ዞረና፣ ጅራቱን ለሜዳው ሰጥቶ፣ ቀስ እያለ የቤቱን መንገድ ያዘ።

«ፈራ! ፈረስህ ፈራ!» አለ ውበቴ በሳቅ እየፈረሰ።

«አልፈራም» አለ አያ ሀብተ ሥላሴ፤ ዓይኑ ዕንባ አቅርሮ። «ጠየቅሁት፣ እምቢ አለኝ። ይኼን ሁሉ ዘመን ስጋልበው ሳልጠይቀው ኖሬ ነው።»

ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ፈረሱን ከኋላ ከኋላ ተከተለው።