ድስት ሲያንስ ጌሾ ይጨመር

የባሌ ታላቅ ወንድም የማያውቀው ነገር የለም። ፊት ለፊት አንቱ የምለው ሰው ነው፤ እዚህ ግን ወረቀቱ የራሴ ስለሆነ እሱ እለዋለሁ። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኩን ራፒድስ ከተማ ካለው ቤቱ ተነሥቶ ሲመጣ መፍትሔውን ይዞ ይመጣል፣ ችግሩን የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ባሌ በሞተ በሁለተኛው ሳምንት የበረዶ መጥረጊያውን ማሽን አሠራር ሊያሳየኝ መጥቶ ማሽኑን ሰብሮት ሄደ። ጥፋተኛው ማሽኑ እንደሆነም አስረዳኝ።

ባሌ ቤት ውስጥ ቢራ ይጠምቅ ነበር። ፍሪድሊ ከተማ ባለ የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ አብረውት የሚሠሩ ፈረንጆች ናቸው ያስተማሩት። ቢራውን የሚያመርረውን ሐረግ ከጋራዡ ጀርባ ተከለ፤ በጋው ሲያልቅ አረንጓዴ አበባውን ለቅሞ ያደርቃል። ፈረንጆቹ ሆፕስ ይሉታል። እሱ ግን አገር ቤት የቢራ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ይዞ ጌሾ ይለው ነበር፤ በደብተሩም ላይ የጻፈው ጌሾ ብሎ ነው።

እኔ ቢራውን እንቀው ነበር። አዲስ ጠርሙስ በከፈተ ቁጥር አንድ ጉንጭ ያቀምሰኛል፣ እኔም ፊቴን አጨማድጄ በእንግዳ ፊት «የፈረስ ሽንት» እላለሁ። እሱ ይስቃል። ከአንድ ጉንጭ በላይ ጠጥቼ አላውቅም።

ጤነኛ በነበረ ጊዜ ሁሉንም ውሃ በትልቅ ድስት ደጅ ላይ በጋዝ ያፈላ ነበር። ሲታመም ድስቱን ማንሣት አቃተው። ስለዚህ ወደ ወጥ ቤት ገባና ብቅሉን በትንሽ ድስት፣ በግማሽ ውሃ ማፍላት ጀመረ፤ የቀረውን ቀዝቃዛ ውሃ ኋላ ባልዲው ውስጥ ይሞላበታል። በመጀመሪያው ጊዜ የጌሾውን ልክ አልለወጠም። ቢራው ስኳር የበዛበት ሻይ ሆኖ ወጣ። የወፈረ የብቅል ውሃ ምሬቱን በደንብ እንደማይቀበል ያን ጊዜ ነገረኝ፤ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ በግማሽ ጆሮ ሰማሁት። ደብተሩ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ድስት ሲያንስ ጌሾ ይጨመር። ሁለት አውንስ የነበረው ሁለት ተኩል።»

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ቢራውን ልጠምቅ አሰብኩ። ትልቁን ድስት እኔም አላነሣውም። ፍሪዘር ውስጥ በእጁ የለቀመው የመጨረሻው የአበባ ከረጢት አለ፤ ብመዝነው ሁለት ተኩል ሆነ። አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል። ከተበላሸ የእሱን ቢራ ከእንግዲህ ማንም አይቀምሰውም።

ቅዳሜ ብቅሉን ጥጄ ሳለሁ የባሌ ወንድም መጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደ ሰቀለ ደብተሩን አገላበጠ።

«ተሳስቷል» አለ። «ድስቱ ግማሽ ከሆነ ጌሾውም ግማሽ ነዋ!»

«ጋሼ፣ ያነሰው ድስቱ ነው፤ ቢራው አላነሰም። ኋላ ውሃ ይጨመርበታል።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ጠላ ስጠጣ አንቺ አልተወለድሽም።»

«መጠጣቱንማ ማን ይክድዎታል?»

ልጄ ከስልኳ ቀና ሳትል «ማም፣ ጀስት ጉግል ኢት» አለች።

«ጉግል ጠላ ጠምቆ ያውቃል?» አላት።

ተከራክሬ ከምደክም ብዬ ጠርሙስ ላጥብ ቤዝመንት ወረድኩ። ስመለስ ወጥ ቤቱ የዓመት በዓል ዋዜማ ይሸታል። ድስቱ ውስጥ ቅጠልና እንጨት ይገለባበጣል፤ እሱ በማማሰያዬ ያማስላል። ከሐበሻ ሱቅ የተገዛ የጠላ ጌሾ ከረጢት ምድጃው አጠገብ ተከፍቶ ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«ቢራ እንደምትጠምቂ ሰምቼ ጌሾ ገዝቼ መጣሁ፤ ደብተሩም ጌሾ ይላል። ግማሹን ጨመርኩት። ያንን ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጥሽውን የጥንቸል ቀለብ ግን ጣይው፤ ቦታ ይዞብሻል።»

ፍሪዘሩን ከፈትኩ። ከረጢቱ እንደታሸገ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አልኩት። እሱም የሚገባው ምስጋና እንደሆነ ቆጥሮ ራሱን ነቀነቀ።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ እሱ ሻኮፒ ባለ መጋዘን ሥራ ላይ ሳለ፣ በሬን ቆልፌ ብቻዬን ጠመቅኩ። ሁለት ተኩሉን በሙሉ ጨመርኩ። ሁለቱ ባልዲዎች ቤዝመንት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ የወንድምየው ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት።

የሙት ዓመቱ ዕለት ለእሱም ለእንግዶቹም ከቀይ ክሩ ቀዳሁ። አንድ ጊዜ ተጎነጨ፣ ከንፈሩን ጠረገ፣ ከዚያም ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ «ይኸው! የወንድሜ እጅ፣ ቁርጥ! ግማሽ አድርጊ ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ» አለ። እንግዶቹም አዎ አሉ። ባሌ በሕይወት እያለ ቢራውን ከደጃፋችን እያነሡ ሲወስዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የጠጡትን እንኳ ለይተው አያውቁም። ብርጭቆውን ሞላሁለት። አላረምኩትም። የሚታረም ሰው ሲገኝ ነው የሚታረመው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሲሄዱ ከራሴ ጠመቃ አንድ ጠርሙስ ከፈትኩ። አንድ ነገር አስፈርቶኝ ነበር። ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ? የሚያውቀው ባሌ ብቻ ነበር። እኔ ስንቀው የኖርኩትን ነገር ጣዕሙን ከየት አምጥቼ ላመሳክር?

አንድ ጉንጭ ያዝኩና ዋጥኩ። ግራ ዓይኔ ተጨፈነ፣ አፍንጫዬ ተሸበሸበ፣ ፊቴ ሁሉ ተጨማደደ።

«የፈረስ ሽንት» አልኩ ጮክ ብዬ።

ያው ራሱ ነው።