ቦኬ ገበያ ላይ የተቀረጸው በሬ

ባለፈው ዓመት ነው፣ ጭሮ ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሙከራ ፊልሞች የታዩ ዕለት። በዘጋቢነት ሥራዬ ብዙ አዳራሽ ውስጥ አንቀላፍቻለሁ፤ የዚያን ዕለቱ ግን እስካሁን ያስቀኛል።

ፊልሙን የሠራው ከባሕር ዳር ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር ነው። ካሜራውን ቦኬ ገበያ ዳር ተክሎ፣ ምንም ሳያንቀሳቅስ አንድ ሰዓት ቀርጿል። ንግግር የለም፤ ሙዚቃ የለም። ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል። ፍየል ትመጣለች፣ አትሄድም።

"ጊዜን ራሱን ነው የምታዩት" አለን መምህሩ። ተማሪዎቹም ወዲያው ጊዜን በስልካቸው ማየት ጀመሩ።

ከጎኔ የመምህሩ አከራይ ኦቦ ጀማል ነበሩ፤ የመጡት በይሉኝታ ነው። በሬያቸው በቅርቡ ጠፍቶባቸዋል። ጎረቤታቸውን ኦቦ ቶላን ጠርጥረው ሰላምታ አቋርጠዋል፤ በማግስቱ ሽማግሌ ፊት ሊያቆሟቸው ነው። ይህን ሁሉ ያጫወቱኝ ፊልሙ እየታየ ነው። ጊዜ ነበረን።

ድንገት ብድግ አሉ። "ወላሂ፣ በሬዬ!"

አንድ ቀንዱ ወደ ታች የታጠፈ በሬ በግራ በኩል ገብቷል። ገመዱን የያዘው ሰው ጀርባውን ሰጥቶናል። አዳራሹ በሙሉ ከስልኩ ቀና አለ።

"ዙር! ዙር እንጂ!" ይጮኻል ተማሪው ሁሉ።

ሰውየው ዞረ። ኦቦ ጀማል ድምፃቸው ወረደ። "የልጄ ባል ነው። ከእኔ ጋር በሬውን ሲፈልግ የከረመው!"

ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሩ። "መልሰው!"

"ኦቦ ጀማል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ ፊልም ወደ ኋላ አይመለስም። ሐሳቡ ራሱ..."

"ሐሳብህ ነገ ይደርሳል! በሬዬን መልስ!"

ተመለሰ። ደጋግሞ ተመለሰ። ተማሪው በየዙሩ አጨበጨበ።

ኦቦ ጀማል ከአዳራሹ በቀጥታ ወደ ኦቦ ቶላ ቤት ሄዱ። መምህሩ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ተከተለ፤ እኔም ዘገባዬን ትቼ ተከተልኩ። ኦቦ ጀማል በሩ ላይ ቆመው ያዩትን ተናገሩና ይቅርታ ጠየቁ።

"ግባ ጀማል" አሉ ኦቦ ቶላ። "መጀመሪያ ግን እኔ የሌለሁበትን ፊልም አሳዩኝ።"

አማችየው በማግስቱ ሽማግሌ ፊት አመነ፤ በሬውም ከገዛው ሰው ተመለሰ። እኔን ግን የሚያስቀኝ የዚያ ምሽቱ ነው። አሁን "ታሪክ የሌለው ፊልም" ሲባል በሰማሁ ቁጥር ኦቦ ቶላ ይታወሱኛል። አንድ ሰዓቱን ሙሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት፤ አንድም ቦታ ላይ የሉም። ከዚያ ወዲህ በፊልም እንደዚያ የረካ ተመልካች አላየሁም።