ሰባቱ ከዋክብትና የአባቴ ዓይን

በእኛ ልጅነት ኅዳር ሲገባ ፍኖተ ሰላም በርበሬ በርበሬ ትሸት ነበር፤ የእኔ ዘመን ሰዎች ታስታውሱታላችሁ። በየግቢው ሰሌን ላይ፣ በየቆርቆሮ ጣራው ላይ ቀዩ በርበሬ ይሰጣል፤ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ያነጥሳል። አባቴ በዚያ ወቅት ሥራ ይበዛባቸው ነበር። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ለሠርግ የሚያሰፋው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። የማንኩሳ ገበያ ቀን የተሰፋውን ተሸክመን አብረን እንሄዳለን። ስንመለስ መኪና ካጣን፣ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አዙረን በእግራችን ነው።

ሰባቱን ከዋክብት ያሳዩኝ በዚያ መንገድ ላይ ነው። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው ብቅ ይላሉ። አንዲት ጎረቤታችን ኮከብ የቆጠረ ልጅ እጁ ላይ ኪንታሮት ይወጣበታል እያሉ ያስፈራሩን ነበር፤ አባቴ ግን ራሳቸው ያስቆጥሩኛል። እኔ ሁልጊዜ ስድስት ላይ እቆማለሁ። ሰባተኛዋን አፍጥጬ እንዳላያት፣ ካፈጠጥኩባት እንደምትሸሽ፣ አጠገቧ ያለውን እያየሁ እንድጠብቃት ይነግሩኛል። እውነትም ትመጣለች።

ዐሥር ዓመት የሞላኝ ጊዜ በዚያው መንገድ ስንመለስ ቆም አሉና፣ ከዋክብቱ ዘንድሮ የዘገዩት ለምን ይሆን ብለው ጠየቁኝ። ከዋክብቱ ፊት ለፊታችን ነበሩ። ወጥተዋል እኮ አልኳቸው። ዓይናቸውን ሰማዩ ላይ ወዲያ ወዲህ አንከራተቱና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የተናገሩት።

"ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሰፊው ዓይኑ ደከመ ከተባለ ጨርቁን አምኖ የሚሰጠኝ የለም።"

እሺ አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር፤ በአንድ ምሽት ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሮጠው አባቴ ወደሚሰፉበት በረንዳ ነው። በጠመኔ የተሰመረው መስመር አልታይ ሲላቸው ጣቴን ጨርቁ ላይ አስኬዳለሁ፤ መቀሳቸው ጣቴን ይከተላል። ደንበኛ ከጎን ሲመጣ፣ ማን እንደሆነ እንዲያውቁ፣ ስሙን ጮክ ብዬ እየጠራሁ ሰላም እለዋለሁ። ቤት ውስጥ በርጩማ ሲያደናቅፋቸው እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ እላለሁ። እናቴ ዝርክርክ ልጅ ወለድኩ እያለች ትቆጣኛለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት አሳለፍን።

አንድ ቀን እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ አባቴ ለሙሽራ የመጣ ጨርቅ ከመሃሉ ቆረጡት። የሙሽራዋ አባት እቤታችን ድረስ መጥተው ሲናገሩ እናቴ ሰማች። በሳምንቱ ባሕር ዳር ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሐኪሙ መርምሮ ሲጨርስ የዓይን ግፊት ነው አለን። የጠፋው እንደማይመለስ፣ ቀደም ብለን መጥተን ቢሆን ግን በጠብታ ብዙውን ማትረፍ ይቻል እንደነበር ነገረን። ከዚያ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀ።

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። እኔ ወለሉን አየሁ።

"ከመስከረም ወዲህ ነው" አሉ አባቴ።

እናቴ አመነቻቸው። ስንመለስ አውቶቡሱ ዱርቤቴ ላይ ሲቆም ቆሎ ልትገዛ ወረደች። አባቴ እጄን ፈልገው ያዙና፣ ዝም ያሰኙኝ እሳቸው እንደሆኑ፣ እኔ እንደሌለሁበት ነገሩኝ። መልስ ልሰጣቸው ፈልጌ ነበር፤ እናቴ ቆሎውን ይዛ ተመለሰች።

በዓመቱ ጨርሶ ጨለመባቸው። የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሶ ጥግ ተቀመጠ፤ እናቴ በርበሬ እየቸረቸረች አሳደገችኝ። እኔና አባቴ ያንን ነገር ዳግመኛ አላነሣነውም። አምና ዐረፉ።

አሁን ቡሬ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከአንድ ጓደኛዬ ያገኘሁት ቴሌስኮፕ አለኝ። እናቴ ከቀብሩ በኋላ ከቡሬ ወጣ ብሎ ወዳለው የወላጆቿ አገር ገብታለች፤ መብራት ስለሌለ ሰማዩ ጥቁር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እሄድና ካሜራ ቴሌስኮፑ ላይ ገጥሜ የኮከብ ዘለላዎችን ፎቶ አነሣለሁ። የሰላሳ ሴኮንድ ፎቶ ደጋግሜ እወስድና በላፕቶፕ አንድ ላይ አዋህዳቸዋለሁ። ጤዛ መስታወቱን ካላለበሰብኝ፣ ሰባት ስንላቸው የኖርነው በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው፣ ሰማያዊ ጭጋግ ለብሰው ይወጣሉ።

ባለፈው ታኅሣሥ ፎቶውን ለእናቴ አሳየኋት። ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። አባትሽ ያሳዩሽ የነበሩት የትኞቹ ናቸው ስትለኝ አንድ በአንድ እያመለከትኩ ጀመርኩ፤ መጨረስ አቃተኝ። የማንኩሳውን መንገድ፣ በረንዳውን፣ በርጩማውን፣ ሁሉንም ነገርኳት።

አላለቀሰችም። ላፕቶፑን ቀስ ብላ መለሰችልኝ።

"ለእኔ ብትነግሪኝ ኖሮ በእግሬም ቢሆን ይዣቸው እሄድ ነበር" አለችና ገብታ ተኛች።

በማግሥቱ ስለ ቁርስ ካልሆነ በቀር የተነጋገርነው አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ቴሌስኮፑን ስተክል መጥታ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ትመጣለች። ድሮ ከአባቴ ጋር ስንጓዝ ወሬያችን ሳያልቅ ቤት እንደርስ ነበር። አሁን ከእናቴ ጋር ያለ ወሬ እንቀመጣለን፤ የሚሰማው የካሜራው ድምፅ ብቻ ነው። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም፤ መጠየቅም አልደፈርኩም። ብርዱ ሲጸና ግን የጋቢዋን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል ታደርግልኛለች።