ሰላምታ የማያስጨርስ ሰው

ወረታ ላይ የኢንተርኔት ቤት ስከፍት ከሁሉ ያስመረረኝ ሰላምታ ነበር። የፎገራ ገበሬ ጉዳዩን ከመናገሩ በፊት ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ሳያወራ አይቀመጥም። "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፤ ወረቀቱን ያምጡ" እያልኩ አቋርጣለሁ። ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒውተር ስለተማርኩ አገሬው ሁሉ ቀርፋፋ፣ እኔ ብቻ ፈጣን መስሎኝ ነበር።

አንድ ክረምት አንድ ቄስ ከቁሐር ሚካኤል ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሜዳው በውሃ ተውጦ መንገድ ሲዞሩ ነው የዋሉት። ልጅቷ የትምህርት ማስረጃዋን በፌስታል ጠቅልላ ራሷ ላይ አስራዋለች። የነርስ ትምህርት ምዝገባው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶናል። ካልተመዘገበች በጥር ለአንድ የይፋግ ሰው ሊድሯት አባቷ ቃል ሰጥተዋል።

ቅጹን ሞልቼ የማስረጃውን ፎቶ መላክ ጀመርኩ። ከገጹ ግርጌ ስንት በመቶው እንደተላከ የሚያሳየው ቁጥር እየጨመረ ሄዶ ስድሳ ሦስት ላይ ቆመ። ኔትወርክ ፋይሉን ቆራርሶ ይልካል፣ "ደረሰኝ" የሚል መልስም ይጠብቃል። አንዷ ቁራጭ መንገድ ላይ ከጠፋች እሷ እንደገና ተልካ እስክትደርስ የኋለኞቹ ይጠብቃሉ። ገጹ የሞተ ይመስላል እንጂ አልሞተም። ይህን ኮሌጅ ተፈትኜ ያለፍኩበት ነው።

"ስድሳ አራት አለ" አለች ልጅቷ።

"ተወው ልጄ፣ ይጨርስ" አሉኝ ቄሱ።

"መምሬ፣ ይኸ ቅዳሴ አይደለም" አልኳቸውና ገጹን እንደ አዲስ ከፈትኩት።

አዲስ ግንኙነት ደግሞ ልክ እንደ አገሬው ነው። መጀመሪያ ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ከዚያ ጥቂት ጥቂት ይልክና መልስ ባገኘ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። ከዜሮ ጀመረ። ሃምሳ ላይ ሲቆም አቋረጥኩት። ደግሞ ጀመረ፣ ደግሞ አቋረጥኩት። በንዴት ነበር የምሠራው። አስራ አንድ ሰዓት ሲሞላ "ምዝገባው ተዘግቷል" የሚል ጽሑፍ መጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሰው እህል ነበር።

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት አቃተኝ።

"ልጅዎ ቀደም ብላ ብትነሳ ኖሮ ይደርስ ነበር" አልኳቸው።

"በሌሊት ተነሽ አላልሁሽም? አንች ድንዙዝ!" ብለው ጮኹባት።

እሷ ዓይኗን ቁጥሩ ከነበረበት ቦታ ላይ አላነሳችም። ከእኔ ጋር ስትቆጥር ነበርና ማን እንዳቋረጠው ታውቃለች።

ዛሬ ይፋግ ትዳር ይዛለች። ባለፈው የገበያ ቀን እዚያ አባትና ልጅን አገኘኋቸው። ቄሱ መስቀል አሳለሙኝ፤ ስለ እናቴ ጠየቁ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁ። አሁን አላቋርጥም፤ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ።

"ያን ቀን ደክመህልን ነበር፤ እግዜር ይስጥልን" አሉኝ።

ልጅቷ ሕፃን አዝላ መሬት መሬት ታያለች።

"ምነው፣ የደከመልሽን ሰው ሰላም አትይም? እጅሽን ስጭው እንጅ!" ብለው ተቆጧት።

ሰጠችኝ። እኔም ጨበጥኳት።