የተደረበ ውፍረት

በደርግ ጊዜ በእኛ በስማዳ የወፈረ ሰው ጎተራው ሙሉ ነው ይባል ነበር። እኔ ግን ድርቁ ካለፈ በኋላም ሥጋ አልመለስልህ ብሎኝ አጥንቴ ይቆጠር ነበር። ሽማግሌ ልከን ላገባት የወደድኳትን ልጅ ብንጠይቅ አባቷ፣ «መጀመሪያ ልጁን ልየው» አሉ።

ታላቅ ወንድሜ ወገቤ ላይ ብርድ ልብስ ጠመጠመብኝ። በላዩ ሁለት ካፖርት፣ ከዚያ ጋቢ ደረበልኝ።

«ስትራመድ ቀስ በል፤ ወፍራም ሰው አይቸኩልም» አለኝ።

ከወንድሜ ጋር ቤታቸው ስንደርስ አባቷ እሳት ዳር አስቀመጡኝ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

«ጋቢህን አውልቅ እንጂ ልጄ።»

«ይቅርብኝ አባባ፣ ትንሽ በርዶኛል።»

ልጅቱ ጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። አባቷ ግን ትከሻዬን ዳሰስ አድርገው፣ «በጠገበ ቤት ነው ያደገው» አሉ። ነገሩ ሊያልቅልኝ ነበር።

ይኼኔ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠላ ሊቀምሱ ገቡ። ሰሞኑን ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ ይመለምሉ ነበር። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ይህን የመሰለ መትረየስ ተሸካሚ የት ደብቃችሁት ኖሯል? ነገ ወገዳ ከተማ ለምልመላ ይቅረብ» አሉ።

ወንድሜን ባየው መሬት መሬት ያያል። ተነሥቼ ጋቢውን፣ ካፖርቶቹን፣ ብርድ ልብሱን አንድ በአንድ አውልቄ በእጀ ጠባቤ ቆምኩ።

ሊቀ መንበሩ አጥንቴን በዓይናቸው ቆጠሩ። «ይህንስ ጠብመንጃው ይጥለዋል» አሉና ጠላቸውን ጨልጠው ወጡ።

ልብሴን ሰብስቤ ልወጣ ስል አባቷ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄን ሰጥቼሃለሁ» አሉኝ፤ «ምልመላው እስኪያልፍ ግን እንዳትወፍር።»